ነጋሪት፦ ከነገረ ወይስ ከነቃራ? የአንድ ክር ሙግት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ክሩን፣ ማለትም በመድረካችን የተካሄደውን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈተው አባል ያቀረበው ጥያቄ ሳይሆን ብያኔ ነበር። ነጋሪት የምንለው የንጉሥ ከበሮ ስሙ የግእዝ ሳይሆን ከዐረብኛው ነቃራ የመጣ ነው አለ። ዐረብኛ ነቀረ ሲል መታ፣ ቆረቆረ ማለቱ እንደሆነ፣ ከዚያ የወጣው ነቃራም እንደ ነጋሪት ሁሉ በዱላ የሚመታ ጎድጓዳ ከበሮ እንደሆነ አስረዳ። ቃሉ ሩቅ መንገድ መሄዱንም አስታወሰ፤ ፈረንሳዮች ናኬር፣ እንግሊዞች ኔከር ብለው ከዐረቦች ወስደውታል፣ በህንድም ናጋራ ተብሎ ይጠራል። ፈረንሳይና ህንድ የደረሰ ስም ቀይ ባሕርን ብቻ ተሻግሮ ለሚገኝ አገር እንዴት ሳይደርስ ይቀራል የሚለው የመከራከሪያው ማሰሪያ ነበር። አጻጻፉ ትሕትና ነበረው፤ ተቃራኒ ማስረጃ ያለው እንዲያቀርብም ጋብዟል።

እኔ ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትየዋለሁ። ነጋሪት በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ሹመቱ፣ ዘመቻውና ሕጉ ሁሉ በእርሱ ድምፅ የተጀመረ ዕቃ ስለሆነ ስለ ስሙ የሚደረግ ሙግት ቀላል ሆኖ አይታየኝም። ስለዚህ የተባለውን በቅደም ተከተል፣ ፍርዴንም በየቦታው እየጨመርኩ አቀርባለሁ።

1ኛው ምላሽ ምስጋና አቅርቦ ወዲያው አንድ ነገር ለየ። የዕቃው ታሪክና የስሙ ታሪክ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ ስሙ ከቤት ሊወጣለት ይችላል፣ የዚህ ግልባጭም ይሆናል አለ። ይህን የጻፈው ሰው በኋላ በክሩ አልተመለሰም። ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ቢያስተውሉ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ ባልተነሣ ነበር።

2ኛው ምላሽ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ነጋሪት ከነገረ መሆኑን ማንም ያውቃል የሚል። 3ኛው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚመታው ከበሮ ነጋሪት እንደሆነ አስቦ፣ ስሙ ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው ሲል ጻፈ። ይህን ያረመው 4ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው በመሪጌትነት ያገለገሉ መሆናቸውን ገልጸው፣ ሳይቆጡ ልጄ እያሉ አስረዱ። የማኅሌቱ ከበሮ በሁለቱም ጎን ቆዳ የተወጠረበት፣ ከአንገት ላይ ተንጠልጥሎ ወይም መሬት ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚመታ፣ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር የሚሄድ ነው። ነጋሪት ግን እንደ ጎድጓዳ ሳሕን አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ ከእንጨት ወይም ከብረታ ብረት የሚሠራ፣ በዱላ የሚጎሰም ነው፤ በጉዞ ጊዜ ጥንድ ጥንድ እየሆነ በበቅሎ ግራና ቀኝ ይጫናል። ከበሮ ይመታል፣ ነጋሪት ይጎሰማል ብለው ግሱን ሳይቀር ለዩት። 3ኛው ጸሐፊ አመስግኗቸዋል።

ከዚያ 5ኛው ምላሽ መጣ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል። በግእዝ ነገረ ካለው ግስ የሚናገረው ወንድ ነጋሪ፣ ሴቷ ነጋሪት ትባላለች፤ ወላዲ ብሎ ወላዲት፣ ፈጣሪ ብሎ ፈጣሪት እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ነጋሪት የምትነግር፣ የምታውጅ የሚል ሙሉ ትርጉም ያላት የግእዝ ቃል ናት፤ ሌላ ቋንቋ መፈለግ አያስፈልግም። ቀጥሎም በአንድ ፊደል ላይ ቆመ። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ቢሆን ኖሮ ነጋራ ወይም ነጋራት መሆን ነበረበት፤ ሪ የምትለዋ ፊደል ከየት መጣች? ደግሞም በነቃራ ውስጥ ቃ ጠብቃ ትነበባለች፣ በነጋሪት ውስጥ ግን ጋ ላልታ ነው የምትነበበው። በተጨማሪም ከዐረብኛ የገቡ ቃላት ቃቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ቃዲንም ቁርኣንንም ጋዲ ወይም ጉርኣን አላልናቸውም።

ይህ ጠንካራ ምላሽ ነበር፤ ክሩን የከፈተው አባልም ጥንካሬውን አልካደም። በ6ኛው ምላሽ ግን ወደ ኋላ ሳይል ሌላ መንገድ ያዘ። ባዕድ ቃል በእንግዳ ቤት ልብሱን መቀየሩ የታወቀ ነው፤ ሰዎች ነጋራ የሚል ስም ሰምተው በውስጡ የራሳቸውን ነገረ ካገኙበት ወደ ነጋሪት ለመለወጥ ሩቅ አይሄዱም አለ። ይህ የማይናቅ ሐሳብ ነው። በቋንቋዎች ታሪክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ይደርሳል፤ ሕዝብ የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው ያጠጋዋል።

7ኛውና 8ኛው ምላሽ የአንድ ሰው ናቸው፤ ሱዳን ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። እርሱ ያመጣው ነገር 5ኛው ምላሽ የቆመበትን አንድ እግር አነቃነቀ። የሱዳን ሰው የዐረብኛውን ቃፍ እንደ ግብፅ ከተሜ አይውጠውም፣ እንደ መጽሐፉም ቃ አይለውም፤ ጋ ነው የሚለው። ከበሮውንም ኑጋራ ይሉታል። እንግዲህ ከጎረቤት በኩል የሚመጣ ቃል ከመጀመሪያው በጋ ሊመጣ ስለሚችል የቃዲና የቁርኣን ምሳሌ ነገሩን አይዘጋውም። ቀጥሎ ግን ለክሩ ከፋች የማይጠቅም ሌላ ነገር ጨመረ። በፉንጅና በዳርፉር ሱልጣኖች ዘንድ የንግሥና ምልክት የነበረው ታላቁ ከበሮ ነሐስ ተብሎ ይጠራ ነበር። ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ነገር ነው፤ ነሐስ በዐረብኛም በግእዝም በአማርኛም ያው ነሐስ ነው። ጎረቤቶቻችን የንጉሥ ከበሯቸውን በአካሉ ሲጠሩት እኛ በሥራው ጠራነው ማለት ነው። ይህ አስተያየት ከክሩ ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ነው፤ የሁለት ቤተ መንግሥቶችን ዓይንና ጆሮ ለየብቻ ያሳያል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባሉ ነበር። በ9ኛው ምላሽ ይህ ተቋረጠ። ጸሐፊው ክሩን የከፈተውን ሰው በአንተ ጠርቶ፣ የራሱን ነገር ሁሉ ከዐረብ የሚፈልግ ሰው በአገሩ የሚያፍር ነው ሲል ወረፈው። ማስረጃ አላመጣም። ክሩን የከፈተው አባል በ10ኛው ምላሽ ስለ ቃሉ ምንም ሳይጨምር ስለ አጠራሩ ብቻ ተናገረ፤ በዕድሜው አባት የሚሆን ሰው መሆኑን፣ ለመከራከር እንጂ ለመዋረድ አለመምጣቱን ገለጸ። እዚህ ላይ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ስለ ቃል ምንጭ መጠየቅ አገርን መንካት አይደለም።

11ኛው ምላሽ ለ9ኛው የተሰጠ ትምህርት ነበር፤ ለዘብ ያለ ቢሆንም ጠንከር ያለ ቃል አልጠፋበትም። ግእዝና ዐረብኛ እኅትማማች ቋንቋዎች መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ስለ ቃላት መሟገት እንደሌለበት ከጻፈ በኋላ አክሊልን አነሣ። የነገሥታቱ አክሊል ከጥንቱ የሶርያ ቋንቋ ጋር የሚጋራ፣ በዐረብኛም ኢክሊል ተብሎ የሚታወቅ ቃል ነው፤ መነሻው ከለለ፣ ዙሪያውን ከበበ ነው። ከዚያው ሥር ሙሽሮች ዘውድ ደፍተው የሚጋቡበት ተክሊል ወጥቷል፤ ዛሬ ለአስተዳደር አካባቢ የምንሰጠው ክልል የሚለው ስምም የዚያው ቤተሰብ ነው። አክሊል ከጎረቤት ጋር የጋራ መሆኑ የኢትዮጵያን ንጉሥ ዘውድ የሌላ አላደረገውም አለ። የክሩ አስተናጋጅ በ12ኛው ምላሽ አንተ መባባል እንዲቀር፣ 9ኛው ጸሐፊም ማስረጃ ካለው እንዲያቀርብ አሳሰበ። ማስረጃው አልመጣም።

ለእኔ ሙግቱን የወሰነው 13ኛው ምላሽ ነው። የጻፉት እናት በፍርድ ቤት ጽሕፈት ያረጁ መሆናቸውን ተናግረዋል። እርሳቸው ሰዋስው አልቆጠሩም፤ አዋጅ እንዴት ይነገር እንደነበረ ነው የገለጹት። በገበያ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሻጭም ገዢም ሥራውን አቁሞ ወደ ድምፁ ይመጣል። ዝም ሲባል አዋጅ ነጋሪው ተነሥቶ የንጉሡን ቃል ያሰማል፤ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማም ያዛል። እንግዲህ ሰውየው ነጋሪ፣ ከበሮዋ ነጋሪት። ሁለቱ በአንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ባልንጀሮች ናቸው፣ ስማቸውም የአንድ ግስ ወንድና ሴት ነው። ነቃራ የሚለው ቃል ስለ መምታት ብቻ ይናገራል፤ ይህን ጥንድነት ከየት ያመጣዋል ብለው ጠየቁ። የአዋጁን በጆሮ የሚለው አባባላችንም ከዚያ ልማድ የቀረ መሆኑን ጨመሩ፤ በነጋሪት የተለፈፈውን ነገር ምስጢር አስመስሎ ለሚያንሾካሹክ ሰው የሚባል ነው።

የ5ኛው ምላሽ ሰዋስው ቃሉ ግእዝ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ 13ኛው ደግሞ ለምን ግእዝ እንደሆነ አሳየ። ሁለቱን ሳገናኝ ነገሩ ለእኔ የተዘጋ ነው። ዕቃው ከናይል ሸለቆና ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ከበሮዎች ጋር ዘመድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ጎድጓዳው ቅርፅ፣ ጥንድ መሆኑ፣ ከንጉሥ ጋር መታየቱ ሁሉ የጋራ ነው። ስሙ ግን አዋጅ ነጋሪው ከቆመበት አደባባይ የተወለደ ነው።

14ኛው ምላሽ ግን አልተረታም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ነጋሪት ለአዋጅ ብቻ የተጎሰመ አይደለም፤ ለሹመትም ለዘመቻም፣ ንጉሥ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስም ይጎሰማል። የሚነገር ቃል በሌለበት የምትነግር የሚለው ስም ምን ትርጉም አለው? 15ኛው ምላሽ ለዚህ ረጅም መልስ ሰጠ። ሹመት ራሱ ነገራ ነው። ለራስ ወይም ለደጃዝማች ነጋሪት ሲጎሰምለት የሰማ ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየው በማን ስም እንደሚያዝ ያውቃል፤ ነጋሪት የተመታለት መባሉም ለማዕረግ መግለጫ ሆኖ የቆየው ስለዚህ ነው። ዘመቻውም እንዲሁ። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ያደረሰውን የክተት አዋጅ ሲያውጁ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ዳግመኛ ድንበር በተሻገረበት ቀን አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ታላቁ ነጋሪት ሲመታ፣ ሕዝቡ ቃሉን ከመስማቱ በፊት ነገሩን አውቆት ነበር። መለከትና እምቢልታ ያጅባሉ፤ የምትናገረው ነጋሪት ናት።

16ኛው ምላሽ ሙግቱን ወደ ንግሥና ምልክቶች አሰፋው። ዘውድ፣ በትረ መንግሥት፣ ሰይፍ፣ ካባ፣ ድባብ እያሉ ከሁሉ በላይ ዘውድ ነው የንጉሥ ምልክት የምንለው፤ ታዲያ ነጋሪት በየትኛው ደረጃ ይቀመጣል አለ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ሰይፍ፣ በትረ መንግሥት፣ ሉል፣ ቀለበትና ጦር እየተባረኩ ተሰጥቷቸው በመጨረሻ አቡነ ቄርሎስ ዘውዱን እንደጫኑላቸው አስታወሰ። ነጋሪት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

17ኛው መልስ ሰጪ አፍሪካን ዞር ብሎ እንዲያይ መከረው። በሩዋንዳ የመንግሥቱ ምልክት ካሊንጋ የተባለው ከበሮ ነበር፤ በቡሩንዲ ደግሞ ካርየንዳ። በእነዚያ አገሮች ከበሮው ራሱ መንግሥት ነው። በእኛም ዘንድ ዘውድ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጫናል፣ ጥቂቶች ያዩታል፤ ከቤተ መንግሥት ርቆ የሚኖረው ገበሬ ግን ንጉሡን የሚያውቀው በነጋሪቱ ነው አለ። እኔ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። የእኛ ነጋሪት እንደ ካሊንጋ አንድ ብቻ የሆነ የተቀደሰ ዕቃ አልነበረም፤ ንጉሡ ለሹሞቹ የሚያካፍለው ሥልጣን ነው። ዘውድ ከንጉሡ ራስ አይወርድም፣ ነጋሪት ግን ከሹሙ ጋር ወደ አውራጃ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ሳይሆን የየራሳቸውን ሥራ ማየት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ለቀቀ። 18ኛው ምላሽ የሕግ ተማሪ ነበረ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ለምን ያንን ስም እንደያዘ አሁን ገባኝ ብሎ ተደሰተ፣ ጋዜጣው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረ ነው አለ። 19ኛው አረመው፤ የመጀመሪያው ዕትም የወጣው ከጣልያን ወረራ በኋላ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ተከተለው። 20ኛው ጋዜጣ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ መሆኑን፣ በመጀመሪያም በቬኒስ የአነስተኛ ሳንቲም ስም እንደነበረ ጨመረ። የገበያው ከበሮና የቬኒስ ሳንቲም በአንድ የሕግ መጽሔት ርእስ ላይ ተገናኙ። ሕጉ በወረቀት ከወጣ በኋላም አሳታሚዎቹ የድምፁን ስም መያዛቸው ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ሕግ ካልተነገረ አያስርም የሚለውን መርህ በአንድ ቃል አስቀምጠዋል።

21ኛው ምላሽ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስላለው የወርቅ ዘውድ በቁጭት ጻፈ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ነው፣ በመቅደላ ከራሳቸው ላይ የተወሰደ ነው ብሎ። 22ኛው ቁጭቱን ተጋርቶ ታሪኩን አቃና። ዘውዱ ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. መዘረፉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ከቴዎድሮስ መቶ ዓመት ቀድሞ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ጎንደር አጠገብ ላለችው ለቁስቋም ማርያም እንዳሠሩት ይታመናል። ነገሥታት ዘውድ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ልማዳቸው ነበር። 23ኛው በዚህ ተቆጥቶ፣ እንዲህ ያለው ዝርዝር ለዘራፊው ሰበብ ይሰጣል ሲል ክፉኛ መለሰ። 22ኛው ጸሐፊ ሳይቆጣ የመለሰው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከታቦት ቤት የተወሰደ ዘውድ ከንጉሥ ራስ ከተወሰደው ያነሰ ዝርፊያ አይደለም፤ ምናልባትም ይብሳል። እውነቱን አጥርቶ መናገር የባለቤትን ክስ ያጠነክራል እንጂ አያላላም።

24ኛው ምላሽ የተመለሱትን አነሣ። በወርቅ የተለበጠ አንድ የቴዎድሮስ የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል፤ በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ለጉብኝት ሲመጡ የቴዎድሮስን ማኅተምና ቆብ ይዘው መጥተዋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ወልደ ሥላሴ ለጨለቆት ሥላሴ የሰጡት ዘውድ፣ ሮተርዳም የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ለዓመታት ሸሽጎ ጠብቆት፣ ወደ አገሩ ገብቷል። 25ኛው የካፋን ንጉሥ ዘውድ ጨመረ፤ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተማረኩ በኋላ ዘውዱ በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ስዊዘርላንድ ገብቶ በዚያው አቆጣጠር በ1954 ተመልሷል። 26ኛው ምልክት ያለው ንጉሥ ብቻ እንዳይመስለን ብሎ የኦሮሞ አባ ገዳ የሚይዘውን ቦኩ አስታወሰ፤ ሥልጣን ሲተላለፍ ቦኩው ይተላለፋል። መልካም ማሳሰቢያ ነበር፤ ማንም ግን አልተከተለውም፣ ይህም ያሳዝናል።

27ኛው ምላሽ ወደ ቃላት መለሰን። በነገሥታትና በታቦት ላይ የሚዘረጋው ድባብ ዛሬ ጋዜጠኞች የበዓሉ ድባብ፣ የስብሰባው ድባብ እያሉ በሚጠቀሙበት ትርጉም እንዴት ተለወጠ ብሎ ጠየቀ። መሪጌታው ተመልሰው፣ ከላይ የሚያጠላ ነገር ከበታቹ ያለውን ሁሉ በአንድነት እንደሚያለብስ በመጥቀስ ትርጉሙ ከዚያ መስፋቱን ገለጹ፤ ያሳመነኝም ይኸው ነው።

ክሩን የከፈተው አባል በ28ኛው ምላሽ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። የ13ኛዋን ጸሐፊ እናቴ ብሎ አመሰገነ፤ ነጋሪና ነጋሪት በአንድ አደባባይ መቆማቸው ከባድ ማስረጃ መሆኑን ተቀበለ። ነቃራን ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ የሱዳኑ ኑጋራና የእኛ ነጋሪት በመተማ ገበያ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ስም ሳያጸናው አይቀርም የሚለውን ሐሳብ ያዘ። ይህን ያህል እኔም አልነፍገውም። የክሩ አስተናጋጅ የድባብን ጉዳይ ወደ ሌላ ክር አዛውሮ ይህን ዘጋው።